በስም የተተከሉ ችግኞች

ግንቦት 24/59፣ ሐሙስ

ዛሬም ዝናብ። ዛሬም ቦቲዬ ውኃ ያስገባል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ቁልቁለት ላይ ቆሜ ስለ አፈር እለፈልፋለሁ። ሃያ ሦስት ገበሬ መጥቷል። ባለፈው ሳምንት ሰባት ነበሩ። የእኔ ችሎታ እንዳይመስልህ፣ ደብተሬ። የጠራቸው ዳና የሚባል ገበሬ ነው። ዳጎ ሲወጡ፣ ማለት አንዱ የሌላውን ማሳ በየተራ ሲቆፍሩ፣ እንደሚጠራሩት ጠራቸው። የእርሻ ጽ/ቤቱ በማኅተም ጠርቶ ያጣውን ሰው እሱ በአንድ ቃል አመጣው።

ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም «የአፈርና የደን አስተማሪ» እባላለሁ። መስከረም ሲጠባ አጎቴ ሱቅ ገብቼ ጨውና ሳሙና እሸጣለሁ። ዘንድሮ ቋሚ አደርግሃለሁ ብሏል ኃላፊው። አምናም ብሎ ነበር።

ከትምህርቱ በኋላ ዳና ጓሮውን አሳየኝ። ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር እንሰቱ ድረስ ሊመጣ ሠላሳ እርምጃ ቀርቶታል። አምና ስልሳ ነበር አለ። በጣቱ አያሳይም፤ በአገጩ ነው የሚያመለክተው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል። እኔ አንተ እለዋለሁ፣ እሱ አንቱ ይለኛል። ሶዶ ያደግን የነፍጠኛ ልጆች ሁሉ እንዲህ ነው የለመድነው።

ግንቦት 29፣ ማክሰኞ

አምና ያስተከልኩትን ችግኝ ፍየል ጨረሰው። ለምን? የማንም ስላልነበረ። ሁሉም ተከለ፣ ማንም አልጠበቀ። ሲያስቸግረኝ የከረመ ነገር ነው።

ዛሬ መላ መጣልኝ። እያንዳንዱ ችግኝ አጠገብ የተከለው ሰው ስም ይቆም። ሰው የኔ ነው ያለውን ይጠብቃል። ከአናጢው የሳንቃ ቁራጭ ለመንኩ፣ ሬንጅ ከመንገድ ሠራተኞች። እስከ ማታ ስም ስጽፍ ዋልኩ። እጄ ጠቁሯል። ራሴን አደነቅሁ። ኃላፊው እንኳ ይህን አላሰበም።

ሰኔ 3፣ ቅዳሜ

ተከልን!

ከመትከላችን በፊት ግን ጭቅጭቅ። ዳና ጌታው ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መሬቱ የባላምባራስ ነው። እነዚህ ሁሉ የእሳቸው ጭሰኞች ናቸው፤ እኩል ያርሳሉ፣ ግማሹን እህል ለእሳቸው ያስገባሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከኋላ ተነሥተው፣ ጭሰኛ እህል ይዘራል፣ እንሰትና ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ይተክላል፣ ዛፍ ግን አይተክልም አሉ። ዛፍ ከሰው ዕድሜ ያልፋል። ዛፍ የተከለ መሬቱ የኔ ነው ያለ ነው።

ሳቅሁ። ይህ የመንግሥት ትምህርት ነው፣ ማን ይከለክላል አልኳቸው። ባ/ራስም የክርስትና አባቴ ናቸው፣ ጠባያቸውን አውቃለሁ አልኩ። ዳና ለሁሉም በወላይትኛ ተረጎመላቸው። ፊታቸው ፈታ አለ። ዶማ አነሡ።

ዳና በቦረቦሩ አፍ ላይ አሥራ ሁለት ተከለ። ዝግባና ዋንዛ። ከዚያ ሳንቃው ፊት ተቀምጦ የትኛው ፊደል ምን እንደሚል ጠየቀኝ። ዳ፣ ና፣ አልኩት። በጣቱ ተከተለው። ሬንጁ ገና አልደረቀም ነበርና ጣቱ ላይ ቀረ። ሚስቱን አስቴርን ጠርቶ አሳያት። ስሙን ተጽፎ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

ደስ አለኝ። በእውነት ደስ አለኝ።

ሰኔ 14፣ ረቡዕ

ባ/ራስ በበቅሎ መጡ። ወረዱ። መነጽራቸውን አደረጉ። በየሳንቃው ፊት እየቆሙ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ። አልቸኮሉም። ገበሬዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝናብ ይወርድባቸዋል።

እኔን ስለ እናቴ ጤንነት ጠየቁኝ። ጽሕፈትህ ያምራል አሉኝ። ሄዱ።

ደብተሬ፣ ጽሕፈትህ ያምራል ስላሉኝ ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ። እንዲህ ያለ ጅል ነኝ።

ሰኔ 19፣ ሰኞ

ዳና ተከሰሰ። በሰው ርስት ላይ ስሙን አቁሞ ይዞታ አለኝ ብሏል ተብሎ። ሌላው አልተከሰሰም። ሌሎቹን የጠራ እሱ ስለሆነ እሱ ይበቃል። ሌሎቹ ግን ወሬው በደረሳቸው ቀን ችግኙንም ሳንቃውንም ነቀሉ። ሳንቃው ማገዶ ሆነ። ስማቸውን አነደዱት።

ለትምህርት የመጣ የለም። ደንቡ እስከ ስድስት ሰዓት ቁም ስለሚል፣ ዶማዬን ይዤ ዝናብ ላይ ብቻዬን ቆምኩ።

ከሰዓት ባ/ራስ ቤት ሄድኩ። ለመቆጣት ነበር የሄድኩት። ለስላሳ ሆነው ጠበቁኝ። አንተ ልጅ ነህ፣ አታውቅም፣ አንተን አላስነካህም አሉ። ዛሬ ዝግባ፣ ነገ ሙግት፣ ከነገ ወዲያ አባቴ ያወረሰኝ መሬት የለም አሉ። እኔ ስለ ቦረቦሩ አወራሁ። አፈሩ እየሄደ ነው፣ የእርስዎ አፈር ነው አልኩ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የቤታችሁ ጣራ ያፈሳል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ቤታችን የቆመው በእሳቸው ቦታ ላይ ነው። አባቴ ሲሞት ለእናቴ የሰጧት። እኛም ጭሰኞች ነን ለካ። ዛፍ ስላልተከልን ነው ያልታወቀን።

ሳልቆጣ ተመለስኩ።

ሰኔ 22፣ ሐሙስ

ጽ/ቤት ተጠራሁ። ወረቀቱ በታይፕ ተመትቶ ጠበቀኝ። አስተማሪው ያስተማረው በመንገድ ዳርና በት/ቤት ግቢ ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጭ የተከለ ሰው በገዛ ፈቃዱ ነው ይላል። ከጎኑ የቋሚ ቅጥር ፋይሌ አለ። ኃላፊው ሁለቱን አላያያዛቸውም። ጎን ለጎን አስቀመጣቸው እንጂ።

ብዕሬ እምቢ አለ። የራሱን አዋሰኝ።

ፈረምኩ።

ለእናቴ ብዬ ነው ልል ነበር። ውሸት። መስከረምን ፈርቼ ነው። ጨውና ሳሙናውን።

እናቴ ነገሩን ሰምታለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለችኝ። ከዚያ የጾም ወጥ አቀረበች። በላሁ። ጣፈጠኝ፤ ይህም አናደደኝ።

ሰኔ 27፣ ማክሰኞ

ዳኛ ፊት ቆምን። ባ/ራስ ወንበር ተሰጣቸው። ዳና ቆሞ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ።

መጀመሪያ የእኔ ወረቀት ተነበበ። አስተርጓሚው ቃል በቃል ወደ ወላይትኛ መለሰው። ዳና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ሲያበቃ ወደ እኔ አየ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዳኛው ጠየቀው። ዛፍ ትከል ያለህ ማነው? ዳና አማርኛ ያውቃል። ግን በወላይትኛ ነው የመለሰው። ማንም አላለኝም። በራሴ ተከልኩ። ስሜንም አንድ መንገደኛ ነው የጻፈልኝ።

እኔ ወላይትኛ እሰማለሁ። ዳኛው አይሰማም። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀበቶውን አስተካከለ፣ ወደ ዳኛው ዞረ። ጊዜ ነበረኝ። ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። ግድግዳውን እንደተደገፍኩ ቀረሁ። ተተረጎመ። ተጻፈ። መንገደኛው ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ለሁሉም ተመችቷል።

ፍርድ፦ ሐምሌ ሳያልቅ ይልቀቅ። ይግባኝ ካለ እስከ ሐምሌ 10። በየትኛው አፉ ይግባኝ ይላል? ማንም አላለኝም ብሎ በገዛ አንደበቱ ዘግቶታል። ለማን ብሎ እንደዘጋው እኔ አውቃለሁ።

ውጭ ስንወጣ ሰላምታ ሰጠኝ። ባርኔጣውን አንሥቶ።

ሐምሌ 4፣ ማክሰኞ

የቋሚነት ደብዳቤ ደረሰኝ። ምድብ፦ ገሱባ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ። ሥራ፦ ገበሬዎችን ስለ አፈር ጥበቃና ዛፍ ተከላ ማስተማር።

እናቴ እልል አለች። ጎረቤት መጣ። አጎቴ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ባ/ራስ በግ ላኩ። በጉ ግቢ ውስጥ ታስሮ ይጮኻል። ሁሉም ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው።

ገሱባ ያሉት ገበሬዎች የማን ጭሰኞች ናቸው? ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሐምሌ 8፣ ቅዳሜ

ዳና ቤት ሄድኩ። አራት ቀን ሳዘገየው የቆየሁት ነው።

ችግኞቹ በባ/ራስ ትእዛዝ ተነቅለዋል። ባዶ ጉድጓዶቹን ዝናብ ሞልቷቸው ዳሩን ይዘውት ወርደዋል። ቦረቦሩ ለእንሰቱ ሃያ አራት እርምጃ ቀርቶታል። ቆጠርኩት። ለማን ብዬ እንደቆጠርኩ አላውቅም።

አስቴር ትንንሽ የእንሰት ችግኝ እየነቀለች በቃጫ ታስራለች። ትልልቁ ይቀራል፤ አምስትና ስድስት ዓመት የደከሙበት። የሚሄዱት ወደ ቤሌ ቆላ ነው፣ ወንድሟ ዘንድ። ወባ አለ። እንሰቱ እዚያ ይያዝ አይያዝ አይታወቅም።

ዳና ተነሥቶ በርጩማውን ለቀቀልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አልኩት። አፌ ተደናቀፈ። እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ለምን ዋሹ ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄው ራሱ ነውር ነው፤ ግን ጠየቅሁ። ቀስ እያለ መለሰልኝ፦

«ወረቀትዎ ተነበበ። እኔ ተቃራኒ ብል እርስዎ በሰው ፊት ውሸታም ይሆናሉ። እኔ ቤት በልተዋል። እኛ እጅ አለን፣ የትም ቆፍረን እንበላለን። እርስዎ ከወረቀት ሌላ ምን ያውቃሉ?»

ሊሰድበኝ አልነበረም። እንዲያ ነው የሚያስበኝ። እውነቱንም ነው።

ይግባኝ ይበሉ አልኩት። ምስክሬ ማን ይሆናል አለ። እሳቱን አየሁ። እሱም እሳቱን አየ። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ። ሰኞ ዕቃችንን ጭነን በሶዶ በኩል እናልፋለን። ፍ/ቤቱ በር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት እቆማለሁ። ከመጡ ይግባኝ እላለሁ። ካልመጡ መንገዴን እቀጥላለሁ፣ ቂም የለም።

ቂም የለም! ቂም ቢኖር ምን ነበረበት።

ስወጣ አስቴር ከሥራዋ ቀና አለች።

«እኛ አልተቆጣንም፣ አስተማሪ። ግን ሌላ ሰው አታስተምር።»

እስከ ቤት ድረስ በእግሬ መጣሁ። መኪና ቆሞልኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ።

ሐምሌ 9፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን። ባ/ራስ ከፊት ቆመዋል። ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ገሱባ ብርድ ነው፣ ጋቢ እሰጥሃለሁ አሉ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ይህ አፍ ነው።

ማታ የምስክርነት ቃሌን ልጽፍ ተቀምጬ መጻፍ አልቻልኩም።

ሐምሌ 10፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ጻፍኩ። አንደኛውን ቀደድኩት፤ ኃላፊውን ይከሳል። ሁለተኛውንም፤ ባ/ራስን ይከሳል። ሦስተኛው የምስኪን ልቅሶ ነበር፣ እናቴ፣ ድህነቴ፣ ወ.ዘ.ተ.። አራተኛው አጭር ነው። እዚህም ልገልብጠው፣ ቢጠፋ እንኳ፦

«ዳናን ዛፍ ትከል ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ባለመሬቱ ያውቃሉ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ማን ይከለክላል ያልኩት እኔ ነኝ። ስሙን በሳንቃ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰኔ 22 የፈረምኩት ወረቀት ሐሰት ነው። ዳና በዳኛ ፊት ዋሽቷል። የዋሸው እኔን ላለማዋረድ ነው።»

ያሸንፋል ብዬ አይደለም። ባ/ራስ ጠበቃ አላቸው፣ ዳና ያለው እኔ ብቻ ነኝ። ገሱባ ቀረ። ይህ ቤትም ምናልባት። እናቴ ምን ትላለች? አልነገርኳትም። ብነግራት ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች እቀራለሁ።

ኮቴን ለብሻለሁ። ዝናቡ ፋታ ሰጥቷል። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሃምሳ ደቂቃ አለ፤ መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው። እናቴ ከጓዳ ትጣራለች። ቁርስ ቀርቧል፣ ቅንጬ በቅቤ፣ ቁጭ በል ትላለች። ራሴን አውቀዋለሁ። ቁጭ ካልኩ አልነሣም። ትንሽ ቆይቼ እል እና ሁለት ሰዓት ያልፋል፣ ዳናም ባርኔጣውን አድርጎ በቤሌ መንገድ ይሄዳል፣ እኔም ደህና ሰው ነበር እያልኩ ገሱባ ላይ አወራለታለሁ።

መጣሁ አልኳት። ወደ ቁርሱ አይደለም፣ ወደ በሩ ነው። አሁን ደብተሬን ዘግቼ—