እሁድ የለካነው መንገድ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ
የብስክሌት መስመር ተሠርቶም ሰው ለምን ይፈራል? ያልጠየቀኝ የለም። ዛሬ መልስ ያለኝ ይመስለኛል... የአሠራር ደረጃ ስለሌለ! የመንገዶች መሥሪያ ቤቱ ለመላው ከተማ ሊያወጣ ነው፤ ስፋቱ ስንት ይሁን፣ ከመኪና በምን ይለይ። ለናሙና የተቀባው የእኛ ሰፈር መንገድ። የለካነው እኛ የብስክሌት ማኅበሩ አባላት፣ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ። «ስፋቱ በቂ ነው» ብዬ። ከተመረቅኩ የመጀመሪያ ሥራዬ! መቀመጥ አቃተኝ።
እህቴ፣ «እንግዲያው እኔም በብስክሌት ልሂድ፣ የኔ ኢንጂነር?»
«ምን ትጠብቂያለሽ!»

ኅዳር 9፣ ሰኞ
እህቴ ወደቀች። ምነው አፌን በቆረጠው።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ
የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል። ልብስ ሰፊ ናት... ቀኝ እጅ! ዳር የቆመ መኪና ውስጥ የነበረ ሰውዬ በሩን ከፈተባት። መስመሯን አልለቀቀችም፤ በሩ ነው የገባባት። ሐኪም ቤት ያደረሳትም እሱ። ምን ልበለው?
ጀሶውን እያየሁ ሳለቅስ ሳቀችብኝ። «የተሰበርኩት እኔ፣ የምታለቅሰው አንተ! በሩን አንተ አልከፈትከው።»
አልከፈትኩትም?

ኅዳር 11፣ ረቡዕ
ጠዋት ሄጄ አየሁት። መኪና ዳርና ዳር ተደርድሯል። አንዱ በሩን ሲከፍት የመስመሩን እኩሌታ ዋጠው። እንዴት አላየሁም?... እሁድ ነዋ የለካነው! መኪና እንዳያስቸግረን። ሜትር ዘርግተን፣ እየተሳሳቅን፣ ባዶ መንገድ ለካን። የተማረ ጅል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ
ጡሩምባ የምንለው የማኅበራችን ሊቀመንበር ዛሬ ገና ድምፁን ቀንሶ አወራ። «ሪፖርቱን ከመሥሪያ ቤቱ ላነሳው ነው» ስለው፣ «ስማኝ ወንድሜ፣ እነሱ የሚፈልጉት ሰበብ ነው። ይቺንም የተቀባች መስመር እናጣታለን። መጀመሪያ ይጽደቅ፣ ቀስ ብለን እናስተካክላለን።»
«እስከዚያ የሚወድቀውስ?»
ጡሩምባ ሰዓቱን አይቶ ሄደ።
ክፋቱ... ትንሽ ደስ አለኝ። ስሜ ሊተርፍ ነው ብዬ። መንገድ ላይ ብቻዬን አፈርኩ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ
የእህቴን ሸሚዝ እየቆለፍኩላት ነገርኳት። ሁሉንም። ቀልድ የማያልቅባት ሴት አልቀለደችም። «ደንበኞቼን ለጎረቤት እየላክሁ ነው እኮ...» አለች። መሬት ብትውጠኝ።
ልወጣ ስል ጠራችኝ። «ለእኔስ ነገርከኝ። ነገ በዚያ መንገድ ለሚወጣው ማን ይንገረው?»

ኅዳር 16፣ ሰኞ
መንገዶች መሥሪያ ቤት ሄድኩ። «ሪፖርቴ ተሳስቷል፤ አንሱልኝ» አልኩት ሪፖርቱን የተቀበለኝን ኢንጂነር። መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ጎበዝ አልልህም። ደረጃው የሚጸድቅበት ስብሰባ ሐሙስ ነው፤ እስከ ረቡዕ አዲስ ልኬት ካላመጣህ ጉዳዩ ከአጀንዳ ይወጣል።»
ጡሩምባ ስልኬን አያነሳም። ይሁን።
አሁን ለማኅበሩ ሰዎች ሁሉ የላክሁት ይኸው፦
«ልኬቱ ስህተት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እህቴ የተሰበረችው በዚያ ነው። ነገ ጠዋት፣ ሰው ሥራ ሲገባ፣ እንደገና እለካለሁ። መኪና ያላችሁ ዳር አቁማችሁ በሩን ክፈቱልኝ፤ የሌላችሁ ሜትር ያዙልኝ። የተቆጣችሁም ኑ፣ እዚያው ትቆጡኛላችሁ። ማን ይመጣል? እባካችሁ መልሱልኝ።»