ቅጠል የተለጠፈበት ፎሶሊያ

ለምወድሽ እማዬ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ ነገር ተወሽ ወይስ አሁንም ደብቀሽኝ ነው? አባባስ እንቅልፉ ተስተካከለለት? ዛሬም ከጉሊት ስትመለሺ ሸክምሽን ሳታወርጂ በር ላይ ቆመሽ ታወሪያለሽ? እኔ ተመስገን ነው፣ ጤናዬ ሙሉ ነው፤ የሚያስቸግረኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ነበር። ሱፐርማርኬት ውስጥ አትክልትና እህል እደረድራለሁ፤ የሦስት ወር ሙከራ ላይ ነበርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት አለቃዬ አረንጓዴዎቹን ምግቦች መግቢያው ጋ ደርድሪ ቢለኝ፣ ጎመኑን፣ ሰላጣውን፣ ቃሪያውን ሁሉ አግዤ ከመርኩለት። ወይ ጉዴ! ለካ አረንጓዴ የሚሉት ቀይም ይሁን ቢጫ፣ አካባቢን አይጎዳም ተብሎ የቅጠል ምልክት የተለጠፈበትን ነው። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ፤ ስሜም "ጎመን" ሆኖ ቀረ።

እልህ ያዘኝና ምልክቱን አንድ በአንድ መመርመር ጀመርኩ። አንቺ ከገበሬ ስትረከቢ ማን አመረተው፣ መቼ ተቀጠፈ፣ በምን መጣ እያልሽ ታደርቂያቸው የለ? እኔም እንዲያው ነኝ። ቅጠል የተለጠፈበት ፎሶሊያ በአውሮፕላን የመጣ፣ በፕላስቲክ ሳህን ላይ ሆኖ እንደገና በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነው። ማን መርምሮ እንዳጸደቀው አንድ ቃል አልተጻፈበትም። አጠገቡ ያለው ጥቅል ጎመን ደግሞ ከከተማው ዳር በየማለዳው በእንጨት ሳጥን ይመጣል፤ ምልክት ስለሌለው ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሁሉም ውሸት ነው ማለቴ ግን አይደለም። አንዱ የምስር ከረጢት የመርማሪው ማኅተምና የአምራቾቹ ስልክ አለበት፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ።

ታዲያ ባለፈው ሰኞ አንዲት አስተማሪ ደንበኛችን ፎሶሊያውን አንስታ፣ እውነት ይሄ ለምድሩ ይሻላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላስቻለኝም፤ ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ዞር ስል አለቃዬ ከኋላዬ ቆሟል። ሙከራዬ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ በቃ ተባረርኩ ብዬ ሽርጤን መፍታት ጀመርኩ።

እሱ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? ቢሮው አስቀምጦ ለሴትየዋ ያልሻትን ድገሚልኝ አለኝ። ደገምኩለት። እሱም ምልክቱን አምኖ ለገዛ ልጆቹ ሲገዛ እንደኖረ ነገረኝ። አሁን ቅጠል ያለበት ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ በእኔ እጅ ያልፋል፤ ማስረጃ ካልያዘ መግቢያው ጋ አይደረደርም። ቋሚም ሆንኩልሽ፣ እማዬ!

የቅጥር ቅጽ ሲያስሞሉኝ ሙያውን ከየት ተማርሽ የሚል መስመር ነበረው። አንቺ ፊደል አልቆጠርኩም እያልሽ ሰው ፊት ትሸማቀቂያለሽ። እኔ ግን ሙሉ ስምሽን ከነአባትሽ ጻፍኩበት፤ አለቃዬም አንብቦ ፈረመበት። ይህን ለእማዬ የምታነቢላት ታናሼ፣ እዚህች ጋ ቀስ በይ፤ ድገሚላት።

አባባን ጉንጩን ሳሚልኝ። ታናሼን ስለምታነብልሽ አመስግኚልኝ። አክስቴንም አኩርፋ ከሄደችበት ከተመለሰች ሰላም በያት።

የምትወድሽ ልጅሽ

ከሱፐርማርኬቱ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል
ኅዳር ፲፬ ቀን