ኩኒጉንዳ በማዕድ ዝም ስትል

እጅግ የምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ አፖሎንያ፣

ባሕሩ በረዶ ሳይሠራ ይህ ወረቀት ሪጋ ከደረሰልሽ፣ ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? አምና የጻፍሽልኝ ሳል ለቀቀሽ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ቄሳችንም ደህና ናቸው፤ ቄስ ሚስት ያግባ፣ ምንኩስና ይቅር የሚለውን አዲሱን ትምህርት ተቀብለው ወጥ ሠሪያቸውን አግብተዋል፤ ሃያ ዓመት ዘግይተው። ሾርባው ግን እንደ ቀድሞው ነው።

ደህና ያልሆነው የኩኒጉንዳ ነገር ነው። አባቷ ሲሞት ለነፍሱ እንድትጸልይ ብዬ ልጄን በሰባት ዓመቷ ለገዳም መስጠቴን ታስታውሻለሽ። ቀሚሴን ይዛ አልለቅ ስትል ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ጽድቅ መስሎኝ ነበር። ዐሥር ዓመት ሳነብና ስከራከር ቆይቼ፣ ልጄን በከንቱ እንደሰጠሁ ገባኝ። ዘንድሮ መስፍኑ ወላጆች ልጆቻቸውን ከገዳም ያውጡ፣ የወጣችም አትመለስ ብሎ ሲያውጅ፣ ሠረገላ አስጠምጄ ሄድኩ።

እመምኔቷ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ሆነው፣ «እመቤት ኦቲልያ፣ ስታስገቢያት አለቀሰች፤ ስታስወጪያትም እያለቀሰች ነው። አንዴ እንኳ ደስ ብሏት በዚህ በር ብታልፍ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ኩኒጉንዳ ደግሞ፣ «ቃሌን የሰጠሁት ለእግዚአብሔር ነው፤ ለእርስዎ አይደለም፣ እመቤቴ» ብላ መቃኑን ሙጭጭ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኋቸው። ልማድ ሆኖብኛል።

ቤት ከገባች ሦስት ሳምንቷ ነው። በገዳማቸው ማዕድ ላይ አይነገርም፤ የፈለጉትን በእጅ ምልክት ነው የሚጠይቁት። ያንኑ ይዛ መጣች። የመጀመሪያ ቀን አውራ ጣቶቿንና ሌባ ጣቶቿን ገጥማ ክብ ስትሠራ፣ በረከት መስሎኝ «አሜን» አልኩ። ለካ ዳቦ ነበር የጠየቀችው። ሳትበላ ዋለች። ወጥ ቤቷ ባርብል፣ «እሜቴ፣ ዲዳዋ እሷ ናት ወይስ ደንቆሮዎቹ እኛ?» አለችኝ። ተቆጣኋት፤ እውነቷን ስለነበር። አሁን ዳቦን፣ ዓሣንና ጨውን ለይቻለሁ። ከማዕድ ስትነሣም ግን ለእኔ የሚሆን ቃል የላትም።

ትናንት ቢራ ደፋችና ደረቷን በጡጫ መታች። ይህን እንኳ የሚያስተምረኝ አላስፈለገኝም፤ «በድያለሁ» ማለቷ ነው፤ ድሮ በቅዳሴ ሁላችንም እንመታ ነበር። ዛሬ ምሳ ላይ ማንኪያዬን አስቀመጥኩና ወደሷ ዞሬ ደረቴን ሁለት ጊዜ መታሁ፤ አንዱን ለቀሚሱ፣ አንዱን ለመቃኑ። ከዚያ በጣቶቿ ክብ ሠራች። ይቅርታ ይሁን ራብ አላወቅሁም። ዳቦውን አቀበልኳት።

ባለቤትሽን ዮርግን፣ ትልቁን ልጅሽን ቬንዴልን፣ በስሜ የጠራሻትን ትንሿን ኦቲልያን ሳሚልኝ። አማትሽም ዛሬም በሕይወት እያማረሩ ከሆነ እጅ እነሣለሁ። ባርብል ሰላም ብላሻለች። ኩኒጉንዳም ሰላም ብላሻለች ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ነክሬ ነበር፤ ግን አላለችም።

እህትሽ ኦቲልያ

ፍራንኮንያ፣ ሆልደርባህ ግንብ
በቅዱስ ሚካኤል በዓል ማግስት፣ ፲፭፻፳፮ ዓ.ም.