ለሁለት ዓሣ የምትበቃ መስታወት

ሐሙስ

ስድስቱም ዓሦች በሕይወት ደረሱ። ሳያቸው ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔ ወደ ዓሣ መስታወቴ ሄደ።

ሚስቴ ዘሃራ ጅዳ ሆና፣ አዲስ አበባ ካለ ዓሣ ሻጭ አስገዝታ፣ በላስቲክ አሳስራ እስከ መካነ ሰላም በመኪና አስላከቻቸው። ለዓረፋ እመጣለሁ ብላ ነበር። አልመጣችም፤ ዓሣ ላከች። አምና ስልክ ነበር የላከችው።

እኔም ጅዳ ሳለሁ እንጀራዬ የሰው ቤት የዓሣ መስታወት ማጽዳት ነበር። ስለዚህ አላወቅሁም አልልም። የባሕር ዓሣ ሲጠበው ውሃው ቶሎ ይበላሽበታል። የኔዋ መስታወት ትንሽ ናት፣ ሁለት ይበቃታል። ሦስተኛ ካማረኝ አንድ ብቻ፣ እሱም ቆይቶ፣ ውሃው ሲረጋ። ሁለቱ ብርቱካንማዎች ደግሞ ከድሮም አሉባት፤ ዘሃራ ሳትሄድ አብረን ያስገባናቸው። ትልቋን ሙሽሪት ብላ ስም አወጣችላት። ትንሹ አንተ ነህ አለችኝ።

ስጦታ አይመለስ። ሌላ መስታወት የለኝ። ሁሉንም ጨመርኳቸው፣ እያወቅሁ።

ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ሰፈሩ ሁሉ የዘሃራን እንግዶች ሊያይ ገባ። ጎረቤታችን እማማ ከድጃ፣ ዘወር ስል፣ ዳቦ ፈርፍረው ጨመሩላቸው። "እንግዳ ሳይቀምስ ያድራል እንዴ ልጄ?" አሉኝ። የትልቅ ሰው እጅ አይያዝ! እሳቸውን ያየ ሁሉ ጣል ጣል አደረገ። ሲወጡ የቻልኩትን በሻይ ማጥለያ ለቀምኩ።

አዲሶቹ ሰማያዊዎች ሙሽሪትን ጥግ አስይዘዋታል። በገዛ ቤቷ።

ዘሃራ ደወለች፣ በካሜራ አሳየኋት። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ጠቧቸዋል ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ቅዳሜ

ውሃው ደፈረሰ። ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ኩሳቸውና የዳቦው ፍርፋሪ መርዞታል።

ምግብ ከለከልኳቸው። የባሕር ጨው በጥብጬ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ። የቀረኝ ጨው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም የምትልከው ዘሃራ ናት። ከሰዓት ደግሞ መብራት ሄደ፣ አየር መስጫው ቆመ። ትንሽ አየር ቢያገኙ ብዬ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ መልሼ ከላይ ሳፈስ ዋልኩ። እማማ ከድጃ መጥተው ጣሳውን ተቀበሉኝ፣ ዱዓ እያደረጉ ያፈሱ ጀመር። ስለ ዳቦው አላነሳሁም። ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ዓይኔን ሸሹ። እኔ ነኝ እንጂ ጥፋተኛው፣ እሳቸው ምን ያውቃሉ?

እሁድ

ሙሽሪት ሞተች። ጠዋት በጎኗ ተንሳፍፋ አገኘኋት።

ሰማያዊዎቹም ተራ በተራ አለቁ። ትንሹ ብርቱካንማ ብቻ ቀረ። ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ለዓሣ አለቀሰ ብሎ የሚስቅ ይሳቅ።

ሰኞ

ዘሃራ ደወለች። እንግዶቼ እንዴት ናቸው አለች። መዋሸት አማረኝ፣ አልቻልኩም። ማለቃቸውን ነገርኳት፣ ሙሽሪትንም። ከዚያ ምን አጠፋሁ ብላ ጠየቀችኝ፣ እንደ ልጅ።

"ለሁለት የምትበቃ ናት ዘሃራ፣ ታውቂያለሽ" አልኳት። "ዓሣ አትላኪልኝ። አንቺ ነይ።"

ከጀርባዋ አሠሪዋ ስትጣራ ይሰማኛል።

"ውሉን አድሼዋለሁ" አለችኝ። "ሁለት ዓመት። ያን ያህል ዓሣ የላክሁት ልነግርህ ስላቃተኝ ነው።"

አሏህ ያበርታሽ አልኳት። ዓሣ አልልክም፣ ጨው ግን እልካለሁ ብላ ዘጋችው።

የቀረችኝን ጨው በጥብጬ ለትንሹ ውሃ ቀየርኩለት። ጥቂት ምግብ ጣል ባደርግለት በላ። እንግዲህ ይተርፍ ይሆናል። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲሄድ ሲመለስ እያየሁት ነው። ቦታው ሰፍቶታል።