የቡሄ ማግስት ጅራፍ

ኮሶዬ፣ ነሐሴ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

እማሆይ የእህል መግዣ ሊያመጡ ጎንደር እንደወረዱ ዛሬም አልተመለሱም። ከከተማው ረሃብ ይረፉ ብለን ከእሳቸው ጋር ለክረምቱ ያወጣናቸውን የድሃ ልጆች ብቻዬን ይዤ ቀርቻለሁ። ለነፍሴ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ማንም አላስገደደኝም። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ከበውኝ ይውላሉ፤ የልቤን የማወራው ሰው ግን የለኝም።

የመጣን ሰሞን ያገሩ ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮኹ የእኛዎቹ ጭቃው ላይ በደረታቸው ይተኙ ነበር። ጣልያን ከገባ ወዲህ ከተማ ውስጥ እንዲህ የሚጮኸው ጥይት ነው። "ጅራፍ ነው፣ አትፍሩ" እያልኩ ስለምናቸው ሰነበትኩ። በኋላ ቤቱን የሰጡን አያ ተገኘ ጅራፍ ገምደው ሰጧቸውና ራሳቸው እያጮኹ ለመዱት። ትናንት ሆያ ሆዬ ጨፍረው ሙልሙል በጉያቸው ይዘው ሲገቡ፣ ምነው እማሆይ ባዩልኝ አልኩ።

ዛሬ አመሻሽ ላይ የተረፈውን ሙልሙል ሳካፍላቸው፣ ከታች ከጎንደር መንገድ በኩል ጧ አለ። ደገመ። አንድም ልጅ አልደነገጠም። ትንሿ ጥሩነሽ እያላመጠች ቀና አለች።

"እትዬ፣ ጅራፍ ነው አይደል?"

በሩ ላይ የቆሙትን አያ ተገኘን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። እዚህ አገር ቡሄ ካለፈ ጅራፍ ይሰቀላል። እማሆይም የሚመጡት በዚያው መንገድ ነው።

"አዎ የኔ ሸጋ፣ ጅራፍ ነው። ብይ" አልኳት።

አመነችኝ። ሁሉም አመኑኝ።

ለእኔስ ማን ጅራፍ ነው ይበለኝ?