ስለማልፈርመው የኃላፊነት ወረቀት

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን፣ ጥርስዎን እንዳያምዎት፣ ወገብዎም እንዳይያዝ፣ በተለይ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ተደራርበው እንዳይመጡብዎት ከልብ እመኛለሁ። ሁለቱ ተደራርበው የመጡበት ሰው እርስዎ በሚመሩት ጤና ጣቢያ ምን እንደሚገጥመው በታላቅ እህቴ አይቻለሁና ለጠላቴም አልመኝም።

እኔ እዚሁ ሰፈር የማስታወቂያ ሰሌዳ የምጽፍ ሰው ነኝ። እህቴ የሂሳብ መምህርት ናት። ለመገጣጠሚያ ሕመሟ ፕሪድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ክኒን ከእርስዎው ጤና ጣቢያ ዘጠነኛ የምርመራ ክፍል በታዘዘላት መሠረት ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ቁርሷን ከበላች በኋላ ትወስዳለች፤ የደም ግፊት መድኃኒትም አላት። እያንዳንዱን ክኒን የዋጠችበትን ሰዓት እንደ ተማሪ ውጤት በደብተር የምትመዘግብ ሰው ናት። ባለፈው ማክሰኞ ጸሐፊዎ አንድ ወረቀት አቀበሉኝ። ወረቀቱ “ታካሚዋ የሕመም ማስታገሻውን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በገዛ ፈቃዷ በመውሰዷ ለደረሰባት ጉዳት ጤና ጣቢያው ተጠያቂ አይደለም” ይላል። እንደ አስታማሚነቴ ካልፈረምኩበት የእህቴ ካርድ ከዘጠነኛ ክፍል መሳቢያ እንደማይወጣ፣ ካርዱ ካልወጣ ደግሞ ቀጣዩ ፕሪድኒሶሎን እንደማይታዘዝላት በፈገግታ አስረዱኝ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ቤታችን የቀረው ክኒን ለሦስት ጠዋት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ተቻኩዬ በአጻጻፌ ብሳሳት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አቤቱታ ማለት ጆሮዎን እንዳይከብድ ብዬ የሚከተሉትን ምስጋና ብያቸዋለሁ።

፩ኛ. በበሩ ላይ ስላስቀመጡት ሣጥን አመሰግናለሁ። ታካሚዎች ወረፋ ላይ ተቀምጠው ክኒን ይለዋወጣሉ የሚል ወሬ ደርሶዎት፣ ማንም ሰው ከቤቱ ያመጣውን መድኃኒት ለጥበቃው አስረክቦ ባዶ እጁን እንዲገባ አዘዙ። እኛ ጋሼ ቁጥር የምንላቸው ጥበቃም ፌስታሉን ተቀብለው፣ ሣጥን ውስጥ ከተው፣ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ይሰጡናል። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። “ከቤት የመጣ መድኃኒት ይዞ ወደ ምርመራ ክፍል መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው” የሚለውን ሰሌዳ የጻፍኩት እኔ ነኝ። “በጥብቅ” የምትለዋን በቀይ ያደመቅኳት ማንም ሳያዘኝ ነው። ፊደሉ አምሮልኝ ስለነበር እህቴን ጠርቼ አሳይቻታለሁ፤ እሷም ጎበዝ ብላኛለች። ምን እየጻፍኩ እንደሆነ አንድ ደቂቃ ቆም ብዬ ሳላስብ መጻፌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የእኔ ድርሻ ይኸው ነው፤ አልሸሸውም።

፪ኛ. ስለ አራተኛ ክፍል፣ ስለ ጥርስ ሕክምናው፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እህቴ ጥርሷን ልትነቀል የገባች ዕለት መድኃኒቶቿ አሥራ ሰባት ቁጥር ተሰጥቷቸው በር ላይ ነበሩ፤ የስድስት ዓመት ታሪኳ የተጻፈበት ካርድም ዘጠነኛ ክፍል ተቆልፎበት ነበር፤ ለጥርስ አዲስ ሰማያዊ ካርድ ይወጣላታልና። ያም ሆኖ አፏን ይዛ ገብታለችና “እኔ ለመገጣጠሚያዬ የምወስደው መድኃኒት...” ብላ ስትጀምር፣ የጥርስ ሐኪሙ “እሱን ዘጠነኛ ክፍል ንገሪያቸው፤ እዚህ ጥርስ ብቻ ነው” ብለው በሙያ ድንበር ላይ ያላቸውን ጽኑ አቋም አሳዩዋት። ከዚያም ጥርሷን ነቅለው በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ አዘዙላት። ጥርሱን በደንብ እንደነቀሉት ለመመስከር ዝግጁ ነኝ።

፫ኛ. የመድኃኒት ማደያው መስኮት ከሰው መዳፍ እንዳይበልጥ ተደርጎ በመሠራቱ አመሰግናለሁ። በዚያ ቀዳዳ ማዘዣ ይገባል፣ ክኒን ይወጣል፣ “ቀጥሎ!” የሚል ድምፅ ይሰማል። “ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ?” የሚል ጥያቄ ግን አያልፍበትም፤ ሳይጠብበው አልቀረም።

፬ኛ. በአምስተኛው ቀን ወገቧን ሲይዛት ድንገተኛ ክፍል ሄደች። አይቡፕሮፌን የሚባል ሌላ ማስታገሻ ጨመሩላት። ለፍጥነታቸው አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ በዘጠነኛው ቀን ከምሳ በፊት እህቴ በመምህራን ክፍል ተቀምጣ የፈተና ወረቀት ስታርም ጥቁር ነገር አስታወከች፤ ከወንበሯም ተነሥታ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ወደቀች። የባዮሎጂ መምህሩ በታክሲ ይዘዋት ወደ ትልቁ ሆስፒታል በረሩ። ጨጓራዋ ደምቶ ነበር። ሁለት ከረጢት የሰው ደም ገባላት፤ ስድስት ቀን ተኛች። እኔ በእነዚያ ስድስት ቀናት ብሩሼን አልነካሁም።

በሆስፒታሉ ያገኘናት ሐኪም መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቢኖር ፌስታሉን መጠየቅ ነው። አልጋው ላይ ዘርግፋ አንድ በአንድ እያነሣች፣ ይህን ማን አዘዘልሽ፣ መቼ ጀመርሽ፣ ዛሬ ወስደሻል ወይ እያለች ጠየቀች። አሥር ደቂቃ ፈጀባት። ከዚያ ለእኔ፣ ቀለምና ቤንዚን ብቻ ለማውቀው ሰው፣ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ። ስቴሮይድ ለሚወስድ ሰው ዳይክሎፌናክን የመሰለ ማስታገሻ ሲጨመርበት ጨጓራው የመድማት አደጋው በጣም ከፍ ይላል፤ አይቡፕሮፌንም ያው የዳይክሎፌናክ የሥጋ ዘመድ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት አንዱን መድኃኒት ደግሞ እንደመስጠት ነው፤ በደም ግፊት መድኃኒት ላይ ሲደረቡም ግፊቱን ያዛባሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ለእህቴ የሚሻላት ፓራሲታሞል እንደሆነ፣ እሱም ቢሆን በልኩ እንደሚወሰድ፣ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ተቀላቅሎ ስለሚገኝ ሳይታወቅ እንዳይደራረብ ማየት እንደሚገባ ነገረችን። የጨጓራ መከላከያም ጨመረችላት። እኔ ሰሌዳ ጸሐፊው ይህን ሁሉ አልጋ አጠገብ ቆሜ ተማርኩ፤ በእርስዎ ቤት ግን ለዚህ ሦስት ክፍልና አንድ መስኮት አልበቃም።

ከሁሉ በላይ ያስጠነቀቀችን ግን ስለ ፕሪድኒሶሎኑ ነው። ለዓመታት የተወሰደ ስቴሮይድ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ ሰውነት የራሱን ማምረት ትቷልና በድንገት ሲቀርበት አቅም ያንሰዋል፣ ያስታውከዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። መቀነስ ቢያስፈልግ እንኳ በሐኪም ትዕዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ በመሳቢያ ቆልፈው የያዙት ካርድ ብቻ አይደለም፤ የእህቴን እስትንፋስ ጭምር ነው። ይህን ሳያውቁ አድርገውት ከሆነ ይኸው ነግሬዎታለሁ፤ እያወቁ ከሆነ ግን ስሙን እርስዎ ያውጡለት።

አልፈርምም። እህቴም አትፈርምም፤ ትናንት ጋደም ባለችበት ወረቀቱን አንብቤላት “መልሱ የተሳሳተ ነው፤ ዜሮ ስጠው” አለችኝ። ደብተሯ ከነሰዓቱ፣ ማዘዣዎቹ ከነማኅተማቸው እጃችን ላይ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እህቴ ቁርሷን በልታ የመጨረሻዋን ክኒን ዋጥ አድርጋ፣ ሁለታችን እንመጣለን። ፌስታሉን ለጋሼ ቁጥር አንሰጥም፤ እሳቸውንም ስለ እኛ እንዳይቆጧቸው አደራ፣ የታዘዙትን ነው የሚሠሩት። ከወረፋው ሌሎች አሥራ አንድ እናቶችና አባቶች መድኃኒታቸውን ከፍ አድርገው ይዘው አብረውን ለመግባት ተስማምተዋል። በሰሌዳው ላይ ያለውን የገዛ እጄን ጽሑፍም እዚያው በነጭ ቀለም እሸፍነዋለሁ። ማዘዣው ቢከለከል የሆስፒታሏ ሐኪም አንድ ጠዋት ሳታሳልፉ ቀጥታ ወደ እኔ ኑ ብላናለች፤ መድኃኒቱን ስትጽፍ፣ ታካሚዋ ከእርስዎ ዘንድ ለምን ባዶ እጇን እንደተመለሰች አብራ እንደምትጽፍም ነግራናለች።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ በሮችዎ ሁሉ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ይህን ያህል ዘመን ተከባብረው ስለመኖራቸው፣ እህቴም በሕይወት ኖራ ይህን ደብዳቤ እንድታርምልኝ ስላልከለከሏት ጭምር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የክብርዎ ታዛዥ ያልሆነ፣
ሰሌዳ ጸሐፊው፤ የመምህርቷ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ የኃላፊነት ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። “በገዛ ፈቃዷ” የሚለውን ሰርዤ “በአራተኛ ክፍልና በድንገተኛ ክፍል ትዕዛዝ” በማለት ከሁለቱ ማዘዣዎች ቀንና ቁጥር ጋር በሚነበብ ፊደል ጽፌበታለሁ። ኃላፊነቱን የሚወስደው ሰው በሚለው ባዶ ቦታ ላይም የእርስዎን ማዕረግ ሞልቻለሁ። የቀረው ፊርማዎ ብቻ ነው።