አማት ፊት የተቀዳ ድምፅ

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አልቆልኛል። አማካሪዬ ቅጂዎቹን ሰምቶ «እነዚህ ሴቶች ታመዋል እንዴ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

የመመረቂያ ጽሑፌን የማስረክበው ሰኞ ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ የወንድ ድምፅ ከሴት ድምፅ ይህን ያህል ለምን ወፈረ? ሴት እንድትወደው ነው ወይስ ሌላው ወንድ እንዲፈራው? ወንዶቹ በሴት በሚጣሉባቸው የዝንጀሮ ዝርያዎች ልዩነቱ ይሰፋል። የሰውን ለማየት ከዳባት በላይ ካለ መንደር የባልና ሚስቶችን ድምፅ ቀድቼ ነበር። ልዩነቱ ካሰብኩት በላይ ሰፍቶ ወጣ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስኩራራ ሰነበትኩ።

ወደ አዘዞ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ደግሜ ሰማኋቸው። እውነቱን ነው። ሴቶቹ የሚያወሩት ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ገባኝ። እንቅልፍ አጥቼ አድሬ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ገባኝ።

የቀዳሁት አያ ፈንታ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ነው። ሴቶቹ በሙሉ የልጆቻቸው ሚስቶች ናቸው። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ደግሞ ምራቶቻቸውን «በተለመደው ድምፃችሁ አውሩ» እላለሁ። ምራት አማቷ ፊት ምን የተለመደ ድምፅ አላት? እኔ ራሴ የገጠር ልጅ ሆኜ ይህን መሳቴ ያናድዳል።

ተመልሼ መሄድ አለብኝ።
– ባትሪ
– መንገዱ ክፍት መሆኑን መጠየቅ
– ለአማካሪዬ መደወል (ፈራሁ፤ መልእክት ላክሁ)
– ሽማግሌን ከገዛ ቤታቸው «ይውጡልኝ» የሚባለው እንዴት ነው?

ዓርብ፣ የካቲት 7

ዳባት ገባሁ። ሹፌሩ በስልክ «እሺ ወንድሜ» ሲለኝ ቆይቶ ሴት መሆኔን ሲያይ ደነገጠ። ለምጄዋለሁ። ይህን ርዕስ የመረጥኩትም በዚሁ ወፍራም ድምፄ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም። አያ ፈንታ ከተቀየሙኝ ሁሉም ነገር አበቃ፤ ያለሳቸው ፈቃድ አንዲትም ሴት አታናግረኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

«ምነው ተመለስሽ? ያኔ የቀዳሽው ሸጋ አልነበረም?» አሉኝ አያ ፈንታ።

ስንተባተብ ቆየሁና ሴቶቹን ብቻቸውን መቅዳት እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«ከቤቴ ልውጣ ነው የምትይኝ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

መጀመሪያ የገባችው የትልቁ ልጃቸው ሚስት ይታይሽ ናት። ጅማሬዋ ያው ቀጭን ነበር። ስለ ላሟ ጠየቅኳት። ላሟ የጎረቤት ሽንብራ ውስጥ ገብታ እንዴት እንዳሯሯጠቻት ስትነግረኝ ቀስ በቀስ ድምጿ ወጣ፤ ወፈር ያለ፣ የሞላ ድምፅ። መጨረሻ ላይ እየጮኸች ሳቀች። መቅጃውን ማየት ረሳሁ።

ሌሎቹንም ቀድቼ ስወጣ አያ ፈንታ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ለካ አልራቁም። ልባቸው አዝኖ ይሆናል እያልኩ ቀስ ብዬ ተጠጋኋቸው። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«ያች የሳቀችው ይታይሽ ናት?» አሉኝ።

«አዎ፣ አያ።»

«ስምንት ዓመት ካንድ ቤት ስንኖር፣ ድምጧን ዛሬ ሰማሁት።» ቀጥለውም «እንደሰማሁ እንዳትነግሪያት። ታፍራለች» አሉ።

እሺ አልኩ።

እሁድ፣ የካቲት 9

አዘዞ ነኝ። አዲሱን ቅጂ ለካሁ። የሴቶቹ ድምፅ ወፍሯል፤ የኮራሁበት ልዩነት ጠበበ። ልዩነቱ አለ፣ ተፈጥሮ ነው። ከዚያ በላይ የነበረው ግን የቤቱ ሥርዓት ነበር። ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ፦ ወንዶቹስ ለእንግዳ ሲሉ ድምፃቸውን አላወፈሩም? እነሱን ለመድገም ጊዜ የለኝም። ስህተቴን እንዳለ ጽፌ ለአማካሪዬ ላክሁለት። እስካሁን አልመለሰልኝም።

ከሰዓት በኋላ ይታይሽ በባሏ ስልክ ደወለችልኝ። በዚያ በሞላው ድምጿ ነው የምታወራው።

«እቴ፣ አባታችን ተቀይመው ይሆን? የትናንት ራታቸውንም የዛሬ ምሳቸውንም ከአጥሩ ሥር ነው የበሉት። ‹ይግቡ› ስንላቸው ‹እናንተ ተጫወቱ› ይሉናል። ምን አጠፋን?»

ድምፃችሁን ለመስማት ነው ብዬ ብነግራት ከዛሬ ጀምሮ ዝም ትላለች። ባልነግራት በከንቱ ስትጨነቅ ትኖራለች። ለሳቸው ደግሞ ቃል ገብቻለሁ።

«አልተቀየሙም» አልኳት። «ምንም አላጠፋችሁም። ዝም ብላችሁ ተጫወቱ።»

ያመነችኝ አልመሰለኝም።